በአንድ ሸራ ላይ ሁለት ኪዳነ ምሕረት

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ካርቶን ነው። በእንግሊዝ አገር የሚኖረው የእህቴ ልጅ በሰው እጅ የላከልኝን ጥቅል ስፈታ፣ ከጥጥ መሀል ቁመታቸው የጣት አንጓ የማያህል የእርሳስ ወታደሮች ወጡ። ግማሾቹ ሰፊ ቆብ የደፉ ጣሊያኖች፣ ግማሾቹ ታርቡሽ ያደረጉ የኤርትራ አስካሪዎች ናቸው። አብሮ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነው። «ጋሼ፣ እዚህ አገር ትልልቅ ሰዎች በእነዚህ ይጫወታሉ። ጦሩን እኔ ልኬያለሁ፤ ሜዳውን እርስዎ ይሥሩት። ክፍል ውስጥ ጠይቄዎት የተቆጡኝን ጥያቄ ምናልባት ሜዳው ይመልስልኝ ይሆናል» ይላል።

ጥያቄውን አልረሳሁትም። ልጁ ያኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ነበር። የአድዋን ጦርነት ሳስተምር፣ እንደ ልማዴ፣ ጄኔራል አልቤርቶኔ በተሳሳተ ካርታ ተመርቶ ኮረብታ ስቶ መሄዱን ተርኬ ክፍሉን በሳቅ አፈረስኩት። እሱ ግን ሳይስቅ እጁን አወጣና «ካርታው ባይሳሳት ኖሮ እንሸነፍ ነበር ማለት ነው?» አለኝ። ተቆጣሁት። መልሱን አውቄው አልነበረም የተቆጣሁት።

ለማያውቅ አንባቢ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። በአውሮፓና በአሜሪካ ጥቃቅን ወታደሮችን ጠረጴዛ ላይ አሰልፎ ያለፈን ጦርነት እንደገና መዋጋት የጎልማሶች መዝናኛ ነው። ሜዳውን ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ከጨርቅ ነው። ቀደም ሲል የቢሊያርድ ጠረጴዛ የሚለብሰውን ዓይነት አረንጓዴ ጨርቅ ዘርግተው፣ ከሥሩ መጻሕፍት እየደረደሩ ኮረብታ ያደርጉ ነበር። ዛሬ የታተመ ምንጣፍ በሱቅ ይሸጣል። ገንዘብ ያለው ይገዛል፤ እጁ ሥራ የሚወድ ደግሞ ሸራ ቀብቶ ራሱ ይሠራል።

ባለቤቴ ወታደሮቹን ስታይ «በስተርጅና አሻንጉሊት!» አለች። እኔም መጀመሪያ እንዲያው አፈር አልኩ። ታሪኩን ሳገላብጥ ግን የሕፃናት ነገር ሆኖ አላገኘሁትም። እ.ኤ.አ. በ1812 ፎን ራይስቪትስ የሚባል የፕሩሲያ ባለሥልጣን ለንጉሡ ለፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሦስተኛ ወንዙና መንገዱ፣ መንደሩና ጫካው እየተነሣ የሚገጣጠም የጦርነት ጠረጴዛ አበረከተ። መኮንን የነበረው ልጁ በ1824 ነገሩን ወደ ካርታ አወረደው፤ ሕጉን ጽፎ አሳተመ፣ በዳዶም የዕድልን ነገር አስገባበት። የጦሩ ኤታ ማዦር ሹም ጄኔራል ፎን ሚውፍሊንግ ጨዋታውን ቀዝቀዝ ብሎ ማየት ጀምሮ፣ መጨረሻ ላይ ይህ ጨዋታ ሳይሆን የጦር ትምህርት ነው ብሎ ለመላው ሠራዊት እንዲዳረስ አደረገ ይባላል። ልጅየው ግን አልተጠቀመበትም፤ በ1827 ራሱን አጠፋ። ደራሲው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰንም በስዊስ ተራራ ላይ ሳንባውን ሲታከም፣ ከእንጀራ ልጁ ጋር በጣሪያ ሥር ክፍል ወለል ላይ በባለ ቀለም ጠመኔ ካርታ ሥሎ የቆርቆሮ ወታደር ያዋጋ ነበር።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን የሌተናንት ዊልያም ሳይቦርን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830 የዋተርሉን ጦር ሜዳ በትንሹ እንዲሠራ ታዘዘ። ሰውየው ሲሉት የሚያደርግ ዓይነት አልነበረም። ውጊያው በተካሄደበት ቦታ ላ ኤ ሴንት በሚባለው የእርሻ ቤት ስምንት ወር ተቀምጦ መሬቱን በእርምጃ ለካ። ከውጊያው ለተረፉት መኮንኖች «በምሽቱ በዚህ ሰዓት የት ነበርክ? ከፊትህ ምን ይታይህ ነበር?» እያለ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ጻፈ። መንግሥት ገንዘቡን አቋረጠበት፤ በብድር ቀጠለ። ሥራው በ1838 ለንደን ላይ ለሕዝብ ሲቀርብ ከ70 ሺህ በላይ ጥቃቅን ወታደሮች ነበሩበት። ታዲያ ጣጣው የመጣው ከመሬቱ ነው። ሳይቦርን የፕሩሲያን ጦር መኮንኖቹ በመሰከሩለት ቦታና ሰዓት ቢያስቀምጠው፣ ድሉ የእንግሊዝ ብቻ አለመሆኑ በዓይን ታየ። ይህ ዌሊንግተንን ደስ አላሰኘውም። በኋላ ከፕሩሲያ ወታደሮች ብዙዎቹ ከሜዳው ላይ ተነሡ። መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ አንድ አንቀጽ ይለሰልስ ነበር፤ በሠራው መሬት ላይ ግን ወታደሩ ወይ አለ ወይ የለም። ሥራው ዛሬም በለንደን የጦር ሠራዊት ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

እኛስ? ጦርነትን በጨርቅ ላይ መጫወት ለእኛም እንግዳ አይደለም። የመኳንንቱ ጨዋታ የነበረው ሰንጠረዥ ገበታው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነበር፤ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ እየተሰፋበት ቤት ቤቱ ይለያል። የውጭ ተጓዦች ያዩትን ጽፈውታል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ታሪኩንና ሕጉን አውጥተውታል። በእኛ ሰንጠረዥ ጨዋታው ሲከፈት ተራ መጠበቅ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ በአንድ ጊዜ፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት፣ ጦራቸውን ያሰልፋሉ። የዚህ ክፍል ስሙ ወረራ ነው። ፈረንጅ ተራውን ጠብቆ ሲጫወት የኛ ሰው ጦርነት ተራ እንደማይጠብቅ ያወቀ ይመስላል። ይህን ባነበብኩ ማግስት መርካቶ ሄጄ ሸራ ገዛሁ።

የሸራው ወርድ ስላልበቃኝ ሁለቱን ጎን ለጎን አሰፋሁና ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር አደረግሁት። በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ሃያ ሳንቲ ሜትር ሰጠሁ። በዚህ ልክ 15 ኪሎ ሜትር በ10 ኪሎ ሜትር የሆነ አገር ይይዝልኛል፤ ከረቢ አርዕየኒ እስከ አድዋ ከተማ ማለት ነው። ለተራሮቹ አሮጌ የፍራሽ ስፖንጅ በዳቦ ቢላዋ እየቆረጥኩ ከሸራው ሥር አነባበርኩ። ሰማያታ፣ ራዕዮ፣ በላሕ፣ አባ ገሪማ እያልኩ ስማቸውን በስፖንጁ ላይ ጻፍኩ።

ቀለሙ ነው የፈተነኝ። መጀመሪያ የግድግዳ ውሃ ቀለም ከኮላ ጋር በጥብጬ፣ ሰጋቱራ ጨምሬበት፣ ወፍራም አድርጌ ቀባሁ። ሲደርቅ ያማረ መሬት ሆነ። ጠቅልዬ ላስቀምጠው ስል ግን እንደ ጥር ዋልካ ተሰነጣጥቆ ተራገፈ። (እግረ መንገዴን፣ አድዋን ስሠራ በእጄ የያዝኳቸውን ዕቃዎች ስም ልብ ብዬ ሳቅሁ። ኮላ፣ ሰጋቱራ፣ ስቱኮ፣ ፒንሳ... ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። ሰዎቹ ቢሄዱም የአናጢውንና የቀለም ቀቢውን አፍ ይዘውት ቀርተዋል።) ፍቄ እንደገና ጀመርኩ። በሁለተኛው ጊዜ ለመስኮትና ለበር ዳር መድፈኛ የሚሸጠውን፣ ሲደርቅ እንደ ላስቲክ የሚለመጠውን ማጣበቂያ ከቀለሙ ጋር አዋሕጄ፣ በአሮጌ ፕላስቲክ ክዳን ስስ አድርጌ ለቀለቅሁት። ሳይደርቅ የተነፋ አሸዋና በቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ነሰነስኩበት። ከዚያ ብሩሹን ጠርጌ፣ አቧራ እስኪመስል ድረስ ብቻ፣ ነጣ ያለ ቀለም ከላይ ከላይ አሻሸሁት። አሁን ብጠቀልለውም አይሰነጠቅም።

የጨርቅ ጠባይ እንዲህ ነው። ለሜዳ፣ ለዳገት፣ ለሸለቆ ይታዘዛል። ገደል ግን አይወድም። የአድዋ ተራሮች ቀጥ ብለው የሚነሡ፣ ጥርስ ጥርስ የሚመስሉ ናቸው። የኔ ሸራ በእነሱ ላይ ሲወድቅ ሁሉንም እንደ ተኛ ግመል አለሰለሳቸው። ራዕዮን ሕፃን የሚወጣው ጉብታ አስመሰለው። ጨርቁን ቆንጥጬ በመርፌ ብይዘውም አልሆነ። በመጨረሻ ገደሎቹን ከስቱኮ ለብቻቸው ሠርቼ ከላይ አስቀመጥኳቸው። ይህን ያደረግሁት ለውበት ብዬ አይደለም። በዚያ ሌሊት የተጓዙት ሦስት አምዶች ያልተያዩትና ያልተረዳዱት በእነዚህ ገደሎች ምክንያት ስለሆነ፣ ተራራው ከለሰለሰ ታሪኩም ይጠፋል። የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን አድዋን ሲሥሉ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከላይ፣ ወገንን ሙሉ ፊቱን፣ ጠላትን በአንድ ዓይን አድርገው አስቀምጠውልናል። መሬቱን ግን ብዙም አልሣሉትም። እኔም ሠላሳ ዓመት መሬት የሌለበት አድዋ ሳስተምር ኖርኩ።

ሥራው የደረሰው በመስከረም 2014 ነው። አድዋ ተወልዳ ያደገች ጎረቤት አለችን። ለቡና ስትመጣ ሳሎኑን የሞላውን ሸራ አየችና፣

«ጋሼ፣ ይሄ የት አገር ነው?» አለች።

«አድዋ።»

«በየት ወር?»

«በየካቲት። የድሉ ቀን።»

ሳቀች። «በየካቲት አድዋ እንዲህ አረንጓዴ ነው? እንዲህማ ቢሆን ከብቶቻችን በጠገቡ!» ስትል ደነገጥኩ። እውነቷን ነው። የፈረንጆቹን ሜዳ ፎቶግራፍ ሳይ ከርሜ የፍላንደርስን ሣር አድዋ ላይ ዘርቼ ኖሯል። በየካቲት እዚያ ያለው የደረቀ ሣር፣ አቧራና ድንጋይ ነው። ወዲያው ሳቋ ጠፋ። በሸራው ዙሪያ ቀስ ብላ ዞረች። በዚያ ወራት በጦርነቱ የተነሣ ወደ ትግራይ ስልክ አይገባም ነበር፤ የእናቷን ድምፅ ከሰማች ወራት አልፈዋል። ስለ ጄኔራሎቹ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ከከተማው ዳር፣ ከሰፋሁት ወንዝ አጠገብ ጎንበስ ብላ «እናቴ ቤት እዚህ ጋ ነው» አለች። ከመርፌ መያዣዬ ቀይ አናት ያላት ስፒል አንሥታ ወጋችው። አትነቅለውም ብዬ አሰብኩ፤ እኔም አልነቀልኩትም።

የኮረብታውን ነገር የፈታችልኝም እሷ ናት። ኮረብታዎቹን ስጠቁማት «ይሄኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ነው» አልኳት። «እንዳ ማለት ቤት ማለት ነው እኮ ጋሼ። የኪዳነ ምሕረት ደብር ማለት ነው እንጂ ተራራውን አይደለም» አለችኝ። የተራራ ስም መስሎን የኖረው የቤተ ክርስቲያን ስም ነው። እኔ የምገምተው እንዲህ ነው፤ አንድ መኮንን ከሩቅ ቆሞ ጣቱን ቀስሮ «ያ ማን ይባላል?» ይላል። ገበሬው የሚያስበው ደብሩን ነው። መኮንኑ የሚጽፈው ከፊቱ የቆመውን ጉብታ ነው።

ታሪኩን ላስታውስ። ባራቲየሪ የያዘው ስንቅ እያለቀ፣ ከሮም ክሪስፒ በቴሌግራም እየነዘነዘው፣ ብርጌድ አዛዦቹም እንግጠም እያሉት ነበር። የምኒልክም ሠራዊት ስንቁ ተሟጦ ስለነበር፣ ጥቂት ቀን ቢታገሥ ኖሮ ምናልባት ሜዳው ባዶ ሆኖ ይጠብቀው ነበር። የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ከሳውርያ ተነሣ። 17,700 ያህል ሰውና 56 መድፍ ነበረው። ሐሳቡ እስኪነጋ ከፍታዎቹን ይዞ መጠበቅ ነው። ዳቦርሚዳ በቀኝ ረቢ አርዕየኒን ይይዛል። አሪሞንዲ በመሀል ይሰለፋል፤ ኤሌና በተጠባባቂነት ይከተላል። አልቤርቶኔ ደግሞ አስካሪዎቹን ይዞ በግራ «ኪዳነ ምሕረት» የተባለውን ኮረብታ ይይዛል። ለአዛዦቹ በታደለው ንድፍ ላይ ይህ ኮረብታ ከረቢ አርዕየኒ ብዙም ሳይርቅ ተሥሏል። አልቤርቶኔ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ እዚያ ደረሰ። መንገድ መሪዎቹ ግን ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት ነው አሉት። ቀጠለ። እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ስድስት ወይም ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አድዋ፣ ወደ ኢትዮጵያ ሠራዊት አፍ ነበር። የኛ ሰዎች ደግሞ ባራቲየሪን ያሳሳተው ባሻይ አውአሎም ነው ይላሉ። ሁለቱም ትረካ አብሮ ሊኖር ይችላል።

ስድስትና ሰባት ኪሎ ሜትር የሚለውን ቁጥር ስንት ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ! በሸራው ላይ አንድ ሜትር ከሃያ፣ አንድ ሜትር ከአርባ ይሆናል። ከአንዱ ኪዳነ ምሕረት ወደ ሌላው አስካሪዎቹን ለማድረስ ከወንበሬ ተነሥቼ ጠረጴዛውን መዞር ነበረብኝ። ያኔ ነው የገባኝ።

የተላኩልኝ የእርሳስ ወታደሮች ለሁሉም አይበቁም፤ የኢትዮጵያ ወታደር ደግሞ ጭራሽ የለም። ስለዚህ አንድ ፍሬ ለመቶ ሰው ብዬ የጣሊያንን ጦር በሽምብራ፣ የኛን በምስር አደረግሁት። 177 ሽምብራ፣ እና ሠራዊቱ ወደ መቶ ሺህ ይገመታልና አንድ ሺህ ምስር። ባለቤቴ «የምኒልክን ጦር ለነገ ወጥ እፈልገዋለሁ፤ ቶሎ ጨርስ» አለችኝ።

ሁለት ሌሊት ተጫወትኩ። በመጀመሪያው ሌሊት ካርታው አልተሳሳተም አልኩ። የአልቤርቶኔን 40 ሽምብራ በቅርቡ ኮረብታ ላይ አቆምኩ። ሦስቱ ብርጌዶች ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ። ምስሮቹ ከፊት ለፊት ዳገት መውጣት ነበረባቸው፤ እጅግ ብዙ ምስር ከሜዳው አነሣሁ። የጣሊያን መስመር ቆየ፤ እስከ ቀትር፣ ከቀትርም በኋላ። አላሸነፈም፣ ግን ቆየ። በሁለተኛው ሌሊት እንደ ሆነው አደረግሁት። አርባዎቹ ሽምብራዎች ብቻቸውን ከሩቁ ኮረብታ ላይ ናቸው። ዳቦርሚዳ ሊረዳቸው ወጥቶ ገደሎቹ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ጠመዘዙት። በመሀል ባዶ ሸራ ቀረ።

የጠፋኝ ነገር ይኼ ባዶ ሸራ ነው። ክፍል ውስጥ ስተርክ ስሕተቱ ራሱ ጣሊያንን ያሸነፈ ይመስል ነበር። ጣሊያኖቹም ከሽንፈቱ በኋላ ብዙ የጻፉት ስለ ንድፉና ስለ አልቤርቶኔ ነው። ባራቲየሪ አሥመራ ላይ ለፍርድ ሲቀርብም የተመረመረው የጣሊያን አዛዦች ምን አደረጉ የሚለው ነው። በሸራው ላይ ግን ክፍተቱ እንዲያው አይሞላም። በየሰፈሩ ተበትኖ የነበረ፣ ብዙው ለስንቅ ፍለጋ የወጣ፣ እሑድ ማለዳ ቅዳሴ ላይ የነበረ ሠራዊት የተኩስ ድምፅ ሰምቶ መነሣትና ገደሎቹን ዞሮ መግባት አለበት። ያውም አንድ አዛዥ በአንድ ቦታ ቆሞ የሚያዝዘው ጦር አይደለም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ራስ መኮንን፣ ራስ መንገሻ፣ ራስ ሚካኤል፣ ራስ አሉላ እያንዳንዳቸው ጦራቸውን ይዘው የት እንደሚገቡ በደቂቃዎች ውስጥ ማወቅ ነበረባቸው። ምስሮቹን አንድ በአንድ በጣቴ ስገፋ ሌሊቱ ነጋብኝ። እነሱ ከንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ የአልቤርቶኔን ብርጌድ ሰብረው እሱንም ማርከውት ነበር። ፊታውራሪ ገበየሁ በዚያ ግንባር ወደቁ። ከዚያ ተራው የመሀሉ የአሪሞንዲ ሆነ፤ በመጨረሻም በሸለቆው የቀረው የዳቦርሚዳ። ሁለቱም ጄኔራሎች ሞቱ።

የእርሳስ ወታደር ምስክር አይሆንም፤ ምስርማ ጭራሽ። ሌላ ሰው በዚያው ሸራ ላይ ሌላ ውጤት ያገኝ ይሆናል። ለእህቴ ልጅ ግን እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ «ካርታው ባይሳሳት ውጊያው ይረዝም ነበር፤ ከወገን የሚሞተውም ይበዛ ነበር። እንሸነፍ ነበር ብዬ ግን አላምንም። ስሕተቱ በር ከፈተ። በበሩ ለመግባት በእግር መሮጥ ነበረበት፤ የሮጡትን ደግሞ ያኔ አልነገርኩህም። የተቆጣሁህ ያለ አግባብ ነበር።» መልስ ሲልክ «ይቅርታውን ተቀብያለሁ፤ ቀጥሎ ማይጨውን ይሥሩልኝ» አለ። ማይጨውን አልሠራም አልኩት። ምክንያቱን አልጠየቀኝም።

ሸራውን ነጣ ባለ ቡናማና በገለባ ቀለም እንደገና ቀብቼዋለሁ። ከስምምነቱ በኋላ ስልክ ተመልሶ፣ መንገድም ሲከፈት ጎረቤቴ አገሯ ሄደች። እናቷን አግኝታ፣ ከርማ ተመለሰች። ቡና ልትጠጣ በመጣች ቀን ሸራውን እንድዘረጋላት ለመነችኝ። ቀይዋን ስፒል ለጥቂት ጊዜ አየቻትና ነቅላ ሁለት ጣት ያህል ወዲህ ወጋቻት።

«ቤቱን አልሳትኩም ጋሼ» አለች። «እርስዎ ነዎት ወንዙን የሳቱት። ወንዙ ከቤታችን ወዲያ ነው።»

ትናንት ክሩን መተርተር ጀምሬያለሁ።